ብረት የሚታዘዝለት ሰው ልጆች

ማግኔቶ ብረት ይታዘዝለታል። እጁን ሲዘረጋ መኪና ከመሬት ይነሣል፣ ድልድይ ይጣመማል፣ የተደገነበት ጠመንጃ ወደ ደጋኙ ይዞራል። ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በ1963 እ.ኤ.አ. «ኤክስ-ሜን» የተባለውን ኮሚክስ ሲጀምሩ በመጀመሪያው እትም በጠላትነት የቀረበው እሱ ነበር። ያኔ ክፉ ነው ከመባል በቀር ከየት እንደመጣ የነገረን አልነበረም። ክሪስ ክሌርሞንት የተባለው ደራሲ በ1981 ያለፈ ታሪኩን ሲገልጠው ግን ሰውዬው በልጅነቱ ከአውሽቪትዝ የተረፈ ሆኖ ተገኘ። አይሁዳዊነቱንም በኋላ የወጡት እትሞች በግልጽ ተናገሩት።

እስቲ ቆም ብለን እናስተውል። አይሁዳዊ ነው። ብረት ይታዘዝለታል። ጎረቤት ይፈራዋል፣ ይሸሸዋል። የሚፈራበትም ነገር በደሙ አለ፣ ወደ ልጆቹም ይተላለፋል ይባላል። ይህን ሰው አሜሪካ ተቀምጠው የሳሉት ጎንደርን አስበው አይደለም። በጎንደር አካባቢ ካሉት የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁዳውያን፣ መንደሮች ከወለቃ ወይም ከአምቦበር ለመጣ ሰው ግን እንግዳ አይሆንበትም።

ኤይን ሀትኽሌት በሰሜን ናታንያ ያለ ሰፈር ነው፤ ናታንያ ደግሞ በእስራኤል የኢትዮጵያ ተወላጆች በብዛት ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። እዚያ ሰፈር በአንድ ቤት ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። የቤቱ ልጅ የኤክስ-ሜንን ፊልም ከፍቷል። አያቱ የቀጥቃጭ ልጅ ናቸው። ማግኔቶ የብረት በር ገንጥሎ ሲወጣ አዩና፣

«ይኸ ደሞ ምን ሁኖ ነው፣ የኔ ጌታ?» አሉት።

«ብረት ይታዘዝለታል፣ ሳፍታ። ሲፈጠር ጀምሮ ነው። ሰዎቹ ስለሚፈሩት ሊያስሩት ይፈልጋሉ።»

«ልጆቹስ?»

«ልጆቹም ኃይል አላቸው።»

ስኒውን አስቀመጡ። «እንግዲያ ቡዳ ብለውታላ!» አሉ። «አባቴንም እንዲሁ ይሉት ነበር። አባቴ ግን ወናፍ ሲያናፋ፣ መዶሻ ሲያነሣ ሲጥል ነው የኖረ። ብረቱስ በዐይን ታዞለት አያውቅም።»

ልጁ ቡዳ ማለት ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ይህ ምዕራፍ ለእሱና ለመሰሎቹ የተጻፈ ነው።

በልዕለ ጀግኖች ዓለም ኃይል ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገርባቸው መንገዶች ብዙ ይመስላሉ። ሲጠቃለሉ ግን ሁለት ናቸው፦ ደምና አደራ።

የአደራው መንገድ ቀደም ብሎ የመጣ ነው። ሊ ፎክ በ1936 ያስጀመረው «ፋንተም» ምንም ዓይነት ልዩ ኃይል የለውም። አባቱ ሲሞት ልብሱን፣ ቀለበቱንና ስሙን ይረከባል፤ እሱም ለልጁ ያስረክባል። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሲወራረሱ ኖረው የምናነበው ሃያ አንደኛው ነው። የጫካው ሰው ግን ይህን አያውቅም፤ የሚያየው አንድ ሰው ነውና «የማይሞት» ይለዋል። በ1966 የመጣው ብላክ ፓንተርም ንግሥናውን ከአባቱ ይውረስ እንጂ ጉልበቱን የሚያገኘው ልብ ከሚመስል ተክል ነው፤ ዙፋኑንም ሊፈትነው የሚመጣ አለ። የጃፓኑ «ማይ ሂሮ አካዴሚያ» ደግሞ ነገሩን ወደ ቀልድ ወስዶታል። አብዛኛው ሰው ኃይል ይዞ ሲወለድ ባዶውን የተወለደው ልጅ ትልቁን ኃይል የሚቀበለው የመምህሩን ፀጉር ውጦ ነው! ይሁን እንጂ ከመዋጡ በፊት ወራት ሙሉ የባሕር ዳር ቆሻሻ እየተሸከመ ሰውነቱን እንዲያጠነክር ታዝዟል። ደራሲው ኮሄይ ሆሪኮሺ ይህን ማስገባቱ አስተዋይነት ነው። አደራ ተቀባይ መዘጋጀት አለበትና።

የደሙ መንገድ ዝግጅት አይጠይቅም። ኤክስ-ሜን ውስጥ ልጁ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ኃይሉ ሳይታሰብ ይፈነዳበታል፤ ምክንያቱ በውስጡ ያለ አንድ ጂን ነው ይባላል። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ምንም ሳያደርግ ይፈራል። ኤክስ-ሜንን ስልሳ ዓመት ያኖረው ይህ ይመስለኛል። ሌሎቹ ልዕለ ጀግኖች የሚያስፈሩት በሠሩት ነገር ነው፤ እነዚህ ግን በተወለዱበት።

ደምና አደራን በአንድ ሰው ላይ ማየት ለሚፈልግ ናታንያ ራሷ ምሳሌ አላት። የከተማዋን የሳንዝ ሰፈር በ1956 የመሠረቱት ረቢ ይኩቲኤል ይሁዳ ሃልበርስታም ከታላቅ የሐሲዲም ሥርወ ዘር የተወለዱ ነበሩ። በናዚዎች እልቂት ባለቤታቸውንና አሥራ አንድ ልጆቻቸውን አጥተዋል። ዳግም አግብተው ወለዱ፤ በ1994 ሲያርፉም ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው አመራሩን ተካፈሉት፤ አንዱ በናታንያ፣ አንዱ በአሜሪካ። በተከታዮቹ ዘንድ የረቢው ጸጋ በዘር ይወርዳል። ያም ሆኖ ልጅየው ኦሪቱን ሳይማር ወንበሩ ላይ የሚያስቀምጠው የለም። የእኛም ቄሶች በመምህር እግር ሥር ተቀምጠው፣ ጸሎቱን በግዕዝ አጥንተው ነው ቄስ የሚሆኑት።

አሁን ወደ አገር ቤት እንሂድ፤ ምክንያቱም በደም ስለሚወርድ ኃይል የእኛም አገር ቀደም ብሎ በሰፊው ጽፏል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግዕዝ የተዘጋጀው ክብረ ነገሥት በአዳም ሆድ ውስጥ ስለተቀመጠች ዕንቁ ይናገራል። ዕንቋ ከአዳም ወደ ልጁ ወደ ሴት፣ ከሴት ወደ ኖኅና ወደ ሴም፣ ከዚያም በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ እያለፈች በዳዊት ቤት በኩል እስከ ማርያም ትደርሳለች። ሁሉን አትነካም። ቃየንን ትታ ሴትን፣ እስማኤልን ትታ ይስሐቅን፣ ዔሳውን ትታ ያዕቆብን ትመርጣለች። ዛሬ ፊልም የሚጽፍ ሰው «ከወንድማማቾቹ አንዱ ብቻ ኃይሉን ወረሰ» ሲል አዲስ ነገር ያመጣ ሊመስለው ይችላል።

ያው መጽሐፍ ቀዳማዊ ምኒልክን የሰሎሞን ልጅ ያደርገዋል። ይህ ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1955 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሕገ መንግሥት ዙፋኑ ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ በሚወርድ ዘር እንደተያዘ በአንቀጽ ጽፎታል። የትውልድ ሐረግን እንዲህ በሕግ ያጸና አገር በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብዙ አልነበረም።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን፣ በደም ስለሚወርድ ኃይል የሚነገር ታሪክ ብቻውን እንደማይቆም ነው። ከላይ ንጉሡን በደሙ ከቀደሰ ከታች ደግሞ በደሙ የሚረክስ ሰው ይፈልጋል። በጎንደርና በአካባቢው ያንን ቦታ የያዙት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ነበሩ፤ በሌላው አገር ደግሞ ፋቂው፣ ሸማኔውም ጭምር።

ነገሩ ከመሬት ይጀምራል። ትውፊቱ እንደሚለው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን ድል ካደረጉ በኋላ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ዐወጁ። ርስት የሌለው ሰው በገበሬ አገር ምን ይሆናል? የሌላውን መሬት በጭሰኝነት ያርሳል፣ ወይም ገበሬው የማይሠራውን ይሠራል። ወንዱ ከሰል አክስሎ፣ ወናፍ አናፍቶ ማረሻ፣ ማጭድና ምሳር ቀጠቀጠ። ሴቷ አፈር ቆፍራ፣ ወቅታና ነፍታ ጀበና፣ ገንቦና ምጣድ ሠራች። ያለ እነሱ አይታረስም፣ እንጀራም አይጋገርም። ታዲያ ያ ገበሬ ማረሻውን ከቀጥቃጩ እጅ ይቀበላል፣ ሲመሽ ግን ልጁን ከቀጥቃጩ ዐይን ይሸሽጋል።

የዚህ የቡዳ እምነት አሠራር በልዕለ ጀግና መጽሐፍ ውስጥ ቢገባ ማንም አይደነቅም። ቡዳ ቀን ቀን ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ ይኸው ድርብ ማንነት። መልከ መልካሙን ልጅ ወይም ሲበላ ያየውን ሰው በዐይኑ «ይበላል»። የተበላው ይታመማል፣ ይለፈልፋል፤ ያስለፈለፉትም «ማን በላህ?» እያሉ የበላውን ስም ያወጣሉ። መከላከያውም አለ፦ ክታብ፣ ፀበል፣ ጢስ። ኃይሉ ደግሞ ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ ከእነሱ ጋር መጋባት አይታሰብም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ ዓመታት የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ስላለው ጅብ የሚወራውን መዝግቧል። ጉትቻው ጅቡ ሰው እንደነበረ ማስረጃ ነው፤ ልብሱን አውልቆ ጉትቻውን የረሳ ሰው ማለት ነው።

አጀማመሩም ተነግሯል። ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አንትሮፖሎጂስት በ1974 ባሳተመው ጥናት ከሸዋ አማሮች የሰማውን አንድ ትረካ አስፍሯል። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። እግዚአብሔር ልጆችሽን አሳዪኝ ሲላት ፈርታ አሥራ አምስቱን ደበቀች። ለእሱ የሚሰወር ነገር የለምና የታዩትን መርጦ የተደበቁትን ረገማቸው። ከተደበቁት መካከል አንዳንዶቹ የቡዳ አባቶች ሆኑ። የዚህን ትረካ ጭካኔ ተመልከቱ። ልጆቹ ያጠፉት ነገር የለም። እናታቸው ፈርታ ደበቀቻቸው፤ ቅጣቱ ግን እስከ ልጅ ልጅ ወረደ።

ቤተ እስራኤል ርስታቸውን ሲነጠቁ፣ በምትኩ ማንም የማይፈልገው ሌላ ርስት ተሰጣቸው እላለሁ። መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ እንዳይወርድ ተከለከለ፤ ጅብነቱ ግን ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል ተባለ። በእርግጥ ከአባት ወደ ልጅ የወረደው ሙያ ነው። የቀጥቃጭ ልጅ በሕፃንነቱ ወናፍ ላይ ይቀመጣል። ከፍ ሲል ብረቱ ቀልቶ ሲመጣ በጉጠት ይይዛል። ከዚያ ቀለሙን አይቶ መቼ እንደሚመታ፣ መቼ ውኃ ውስጥ እንደሚነከር ይለያል። ይህ ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ነው፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው ግን የቤተሰቡ ወንድ ሁሉ ይህን ስለሚችል «በደማቸው ነው» ማለት ይቀልለዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተው ነበር፤ ዐዋጁ ወደ ገበሬው ጓዳ መግባቱን ግን እጠራጠራለሁ።

እውን በደም የሚወርድ ችሎታ የለም ማለት ነው? አለ። ሳይንሱን ማድበስበስ አይገባም። ፊንላንዳዊው የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ኤሮ ማንቲራንታ በ1964ቱ የኢንስብሩክ ኦሊምፒክ ሁለት ወርቅ ወሰደ። ቀይ የደም ሕዋሱ ከሌላው ሰው እጅግ የበዛ ስለነበር በደም ማጭበርበር ይታማ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤተሰቡ ሲመረመር አንድ የተለወጠ ጂን ተገኘ፤ ኦክስጂን ተሸካሚ ሕዋሳትን የሚያበዛ። ከዘመዶቹም ብዙዎቹ ያው ጂን ነበራቸው። ሁሉም ግን ኦሊምፒክ አልደረሱም።

የእኛ ምሳሌ ደግሞ ከሰሜን ተራራ ይመጣል። ሲንቲያ ቢያልና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ጥናት በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 አማሮችን መርምረዋል። በአንዲስ ተራራ የሚኖር ሰው በዚያ ከፍታ ሄሞግሎቢኑ ይበዛል፤ የቲቤት ሰው ደግሞ በደሙ ያለው ኦክስጂን ዝቅ ይላል። የሰሜን ሰው ሁለቱም አልሆነበትም፤ ደሙ ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ደም ብዙም አይለይም። እንዴት እንደሚያደርገው ሳይንስ ገና ጨርሶ አልፈታውም። እንግዲህ ልዕለ ኃይል ከተባለ ይኸ ነው። ያው ሰው ናታንያ ባሕር ዳር ላይ ሲቆም ግን ይህ ኃይል ምንም አይጠቅመውም፤ አየሩ እንደሆነ ለሁሉ የተትረፈረፈ ነው።

ኃይል ከቦታው ሲለይ ምን እንደሚሆን ልዕለ ጀግኖችም ያውቃሉ። በ1938 ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር በክሊቭላንድ ያደጉ የአይሁዳውያን ስደተኞች ልጆች ነበሩ። በኋላ በተነገረው ታሪክ ሱፐርማን በገዛ አገሩ በክሪፕተን ቢያድግ ኖሮ እንደ ማንኛውም ሰው ተራ በሆነ ነበር፤ የሚያበረታው የእኛ ቢጫ ፀሐይ ነው። የስደተኛ ሕልም ማለት ይህ ነው፦ አገር ስትቀይር ትበረታለህ።

በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ፣ ከዚያም በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ለመጡት ወላጆቻችን የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ተጓጓዘ። በአገሩ ማረሻ ሠርቶ ወረዳውን ያሳርስ የነበረ ሰው እዚህ ሲደርስ የሚቀጠቀጥ ማረሻ የለም፤ ትራክተር ነው። ሽማግሌ ሆኖ ደም ያስታርቅ የነበረው ቋንቋ አጥቶ ልጁ በየቢሮው አስተርጓሚ ሆነለት። ሱፐርማን ወደ ክሪፕተን ተመለሰ እንደማለት ነው።

ከቡዳነት ግን ተገላገልን ብሎ ያሰበ ነበር። እዚህ ሁሉም አይሁድ ነው፣ ብረት ለፋብሪካው ነው፣ ጅብም በየደጁ አይመጣም። በጥር 1996 ግን ጋዜጣ አንድ ነገር አወጣ፦ ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም ከተወሰደ በኋላ፣ ለጋሾቹ ሳያውቁ፣ በኤች አይ ቪ ስጋት ይጣል ነበር። ሰው ክንዱን ዘርግቶ ደም ሰጥቷል፣ ተመስግኖ ተሸኝቷል፣ ደሙ ግን ተደፍቷል። በወሩ መጨረሻ ሺዎች በኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጡ፤ ከፖሊስም ጋር ተጋጩ። የቫይረሱ ስጋት መነሻ ነበረው፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ለጋሽ መመርመር ሲቻል የመጣበትን አገር አይቶ ሁሉን በአንድነት መጣል ሌላ ነገር ነው። የሚገርመው፣ በነዚያው ዓመታት የኤክስ-ሜን ደራሲዎች ከ1993 ጀምሮ ኃይል ያላቸውን ሰዎች እየመረጠ የሚገድል ቫይረስ በታሪኩ ውስጥ አስገብተው ነበር። አንባቢውም ኤድስን እያሰበ ያነበው ነበር።

ጎንደር ላይ ደማችን ጅብ አለበት ተባለ፤ እዚህ ደግሞ ቫይረስ። ሁለቱን እኩል አላደርጋቸውም፤ አንዱ እምነት ነው፣ ሌላው የሕክምና መመሪያ ነበር። ግን ሁለቱም ሰውዬውን ሳይሆን ዘሩን ነው የጠየቁት።

አሁን ወደ ማግኔቶ ልጆች ልመለስ፤ የኤይን ሀትኽሌቷ አያት ጠይቀው ነበርና። በ1982 በወጣ ታሪክ ጠንቋይዋ ዋንዳና ፈጣኑ ፒየትሮ የማግኔቶ ልጆች መሆናቸው ተነገረ። ሁለቱም ከአባታቸው የብረት ኃይል የወረሱት የላቸውም፤ በዚህ ማንም አልተጨነቀም። በ2014 ደግሞ ልጆቹ አይደሉም ተባለ። ብዙ አንባቢዎች ይህን ያመጣው የፊልም መብት ጭቅጭቅ ነው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በደም የታሰረ ዝምድና በአንድ እትም ተፈታ። ሴት ልጁ ሎርና ግን እንደ አባቷ ብረት ይታዘዝላታል። እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ይህን ነበር፦ ሎርናን ብረቱን ማን እንዳስተማራት የሚነግረን አንድ ምዕራፍ። ደራሲዎቹ ብዙ ጊዜ የሚዘልሉት እሱን ነው፤ ደም ካለ ትምህርት አያስፈልግም ብለው።

የኢትዮጵያ ኮሚክስ ገና ወጣት ነው። በሥራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል፤ ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን የተባለ ገና ከኮሌጅ የተመረቀ ወጣት ነው። በር ተከፍቷል ማለት ነው። በናታንያ፣ በአሽዶድ፣ በጎንደርም ሆነ በአዲስ አበባ የምትስሉና የምትጽፉ ልጆች፣ የቀጥቃጭን ልጅ ጀግና አድርጋችሁ ሳሉልን። ሌሊት ጅብ አታድርጉት። ወናፉን፣ ጉጠቱን፣ የከሰሉን ጭስና የአባቱን እጅ በትክክል ሳሉ፤ እንዴት እንደሚመስሉ የሚያውቁ አያቶች ዛሬም በሕይወት አሉና እነሱ ሳሉ ሄዳችሁ ጠይቋቸው።